ለአንድ ሰው የሚበቃ ማሞቂያ

መስከረም 14

ይድረስ ለእማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔም ልጆቹም ተመስገን ደህና ነን። ልጅዎ እንደ ልማዱ መኪናውን ጭኖ ወጥቷል። ሲመለስም ብዕር እንደማይጨብጥ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ስለዚህ በሱም ፈንታ ሰላምታውን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ስልኩ እርስዎን "ሃሎ፣ ሃሎ" ከማሰኘት ያለፈ ጥቅም እንደሌለው ካየን ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ ለምጃለሁ። መልሱን ስላዘገየሁ ግን ይቅር ይበሉኝ።

የክፍልዎ በር በየት በኩል እንደሆነ ለጠየቁኝ፣ በሳሎን በኩል ነው። ማንንም ሳያስቸግሩ ገብተው ይወጣሉ። ክፍሉን የቀጠልነው ከቤቱ ጎን፣ ልብስ እናሰጣበት በነበረው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ልጅዎ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር እዚያው ሲለስን፣ ሲያስተካክል ነው የከረመው። መስኮቱ ገብቷል፣ ቀለሙም ደርቋል። ክፍሉ አልቋል ማለት ይቻላል። የቀረው ማሞቂያው ብቻ ነው።

እሱን ምረጪ የተባልኩት እኔ ነኝ። "አንቺ መነጽር ቤት ስለምትሠሪ አይንሽ ያያል" አለኝ ልጅዎ፤ መነጽርንና ማሞቂያን ምን እንዳገናኛቸው እሱ ይወቅ። ያየሁት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ዓይነት ነው። ሰው ኤሲ ይለዋል እንጂ ሥራው ሁለት ነው፤ በብርድ ያሞቃል፣ በሙቀት ያቀዘቅዛል። አንዱ አካሉ ክፍሉ ውስጥ ይሰቀላል፣ ሌላው ውጭ ይቀመጣል፣ መሃላቸው ግድግዳውን በስቶ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ነው። ጣሪያ ማፍረስ፣ በቤቱ ሁሉ የአየር መንገድ መዘርጋት አያስፈልገውም። እንደኛ በኋላ ለተቀጠለ ክፍል፣ እንደኛም ላለ ኪስ የሚሻለው እሱ ነው ብለውኛል።

ባለ ሱቁ መጀመሪያ የጠየቀኝ የክፍሉን ስፋት አልነበረም። "ስንት ሰው ነው የሚተኛበት?" አለኝ። አንድ አልኩት። "እንግዲያው ትንሹ ይበቃል፤ ሰው ሲበዛ ነው ስሌቱ የሚለወጠው" አለና የሁለት ሦስቱን ዋጋ ነገረኝ። እንደተሰቀለ ይመጣሉ። ዕቃ አያብዙ፤ አልጋም ቁም ሣጥንም አለ።

አክባሪዎ፣
የልጅዎ ሚስት


መስከረም 29

ለልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ፣ አንዴ ደግሞ ስላማረኝ። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔ ከጆሮዬና ከጣቶቼ በቀር ሙሉ ነኝ።

ማሞቂያው ሲሠራ ይሸት እንደሆነ ባለ ሱቁን ጠይቂልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ስተኩስ፣ እንፋሎት ስውጥ ኖሬ ሽታ አልችልም። ያኔ ሙቀት በቃኝ፣ እንኳን በዚህ ዓለም በወዲያኛውም አያሳየኝ እል ነበር። ይኸው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁልጊዜ ይበርደኛል። ያ ሁሉ ሙቀት ወዴት እንደገባ እንጃ።

ስለ ቤቴ ደግሞ፣ ክፍሉ አልቋል ካልሽኝ ብዬ ለአከራዬ ነገርኩት። ልጁን ከነባሏ ሊያስገባበት ቸኩሎ ነበርና ፊቱ በራ። አንቺ ግን አትቸኩዪ፤ ቀን አልቆረጥንም። ማሽን እንደ ሰው ነው፣ ከገባ በኋላ ውጣ አይባልም፤ አይተሽ ግዢ።

እናትሽ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለእማማ፣

ዘገየሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደምን ከረሙ? ለመምጣት መሰናዳትዎን ልጅዎ ሲሰማ ደስ ብሎት በሳሎኑ መሃል ሲንጎራደድ አመሸ።

ማሽኑ እስካሁን ያልተገዛበት ምክንያት ብዙ ነው። አንደኛው ሱቅ ያለው ርካሽ ነው፣ ግን ቢበላሽ መለዋወጫው አይገኝም ይላሉ። ሁለተኛው ሱቅ ያለው መለዋወጫ አለው፣ ግን ውጭ የሚቀመጠው አካሉ ያጓራል፤ የጎረቤታችን መኝታ ቤት መስኮት ደግሞ እዚያው ትይዩ ነው። ትንሹን ልውሰድ ስል ቴክኒሻኑ "ብርዱ ሲጠና ይደክማል" ይለኛል። ትልቁን ስል "ክፍሉ ስለሚጠበው ቶሎ ቶሎ እየጠፋ እየበራ እንቅልፍ ይነሳል" ይለኛል። ከውጭው አካል የሚንጠባጠበው ውሃ በየት ይሂድ የሚለውም ገና አልተፈታም።

እኔ መነጽር ቤት ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ መስታወት እየቀያየርኩ፣ "ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?" ስል ነው የምውለው። ሰዎቹ ትንሽ አስበው ይመልሱልኛል። አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ስሆን ሁለቱም ብዥ አሉብኝ። ልጅዎ ከመንገድ በገባ ቁጥር "አልገዛሽም?" ይለኛል፤ ቆይ እለዋለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

አትቸኩዪ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ቀን አለመቁረጣችሁም አሳርፎኛል። እስከዚያው ልብስ ደረብ ያድርጉ።

አክባሪዎ፣
የልጅዎ ሚስት


ህዳር 5

ለልጄ፣

ወረቀቱ ቡናማ የሆነው ልብስ ሰፊዋ ልክ የምታወጣበት ወረቀት ስለሆነ ነው። ነጩ አልቆብኝ ቁራጯን ሰጠችኝ። እሷ ጋ ነው የምውለው። የስፌት መኪናዋን ጆሮዬ ባይሰማውም በእግሬ ይሰማኛል፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ስታቆም በእግሬ አውቅና "ምን ሆንሽ?" እላታለሁ፤ ትስቃለች።

እኔን ብትጠይቂኝ፣ ትንሹን ግዢ። ለአንዲት አሮጊት ምን ያህል እሳት ያስፈልጋል? ጎረቤታችሁን ግን አታስቀይሚ፤ ውሃውን በባልዲም ቢሆን ተቀበዪው።

ልብስ ሰፊዋ "ክፍልሽ መቼ ያልቃል?" ስትለኝ አልቋል እላታለሁ። "ላም አለኝ በሰማይ" ትለኛለች። ቀልደኛ ናት፣ ክፋት የላትም።

ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ በሷ ሱቅ አድራሻ አድርጊው፤ ፖስተኛው እዚያ ይቀናዋል። ያቺ እናትሽ የነበረችባት ጠባብ ክፍል አሁን ምን ሆነች? እንዲያው ትዝ አለችኝ።

እናትሽ


ህዳር 24

ይድረስ ለእማማ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

አድራሻውን እንዳሉኝ ቀይሬያለሁ። ጠባቧ ክፍል ሻንጣና ያረጀ የልጆች ጫማ ማስቀመጫ ሆናለች። ሌላ የምነግርዎ የለኝም።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ባለ ሱቁ ዕቃው አልቋል አለኝ። አዲስ እስኪገባ ጠብቂ ተብያለሁ። ወፍራም ብርድ ልብስ በፖስታ ልኬልዎታለሁ። ልብስ ሰፊዋን ሰላም ይበሉልኝ፤ ላሚቱ ሰማይ ላይ እንዳልሆነችም ይንገሯት።

አክባሪዎ


ታህሳስ 4

ለልጄ፣

ብርድ ልብሱ ደረሰኝ፤ እጅሽ ይባረክ። ፊደሌ ከተንጋደደብሽ ጣቶቼ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ማንኪያ ቀጥ ብለው አልታጠፍ ይሉኛል። ከሰዓት ይሻላቸዋል።

ሰሞኑን ትንሽ ያስለኝ ነበር፤ ጉንፋን ነገር ነው፣ አልፏል። አዲሱ ዕቃ እስኪገባ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ ለኔ ሥራ አይደለም። ስለ ጠባቧ ክፍል የጠየቅኩሽ ላስከፋሽ አልነበረም።

እናትሽ


ታህሳስ 13

እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። እንደምን እንደሰነበቱ ትናንት ሰማሁ።

ልጅዎ ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ በእርስዎ በኩል አለፈ። ድንገት መጥቼ ላስደስታት ብሎ ቤትዎን ቢያንኳኳ የአከራይዎ ልጅ ሕፃን ታቅፋ ከፈተችለት። "እሳቸው እኮ ከለቀቁ ቆዩ" አለችው። ጠይቆ ጠይቆ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጓሮ፣ ጨርቅ የተከመረባት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ፍራሽ አንጥፈው አገኘዎት። እኔ የላክሁትን ብርድ ልብስ ተከናንበው ይስሉ ነበር አለኝ። ተነሺ ልውሰድሽ ቢልዎ፣ "ቤቱ የሷ ነው፤ እሷ ሳትጠራኝ አልመጣም" ብለው መለሱት። ይህንንም ነገረኝ። ካፖርቱን ሳያወልቅ አዲሱ ክፍል ገብቶ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠ። ሻይ ባቀርብለት አላየኝም። ቢጮህብኝ በስንት ጣዕሙ።

ለካ በመስከረም "ክፍሉ አልቋል" ያልኩዎትን ቃል አምነው ቤትዎን ያን ጊዜውኑ አስረክበው ኖሯል። እኔ ግን ከደብዳቤዎ ውስጥ አንዲቷን "አትቸኩዪ" መርጬ ያዝኩና ሌላውን እንዳላነበብኩ ሆንኩ። ወረቀቱ ቡናማ ሲሆን አየሁ። አድራሻው ሲቀየር አየሁ። ፊደልዎ ሲንጋደድ አየሁ። የሰው አይን መርምሬ እንጀራ የምበላ ሴት ነኝ እኮ! ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ መልሱን እሰማለሁ ብዬ ፈራሁ።

ዕቃው አልቋል ያልኩዎትም ውሸት ነው። ከሥራ ስመለስ በሱቁ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን ገብቼ ሁሉን ተስማምቼ፣ ባለ ሱቁ ደረሰኝ ሊጽፍ ሲል "ነገ እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ። የጎረቤቱ መስኮት፣ የሚንጠባጠበው ውሃ፣ ትልቁ ትንሹ፣ ሁሉም ሰበብ ነበር። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። እኔ እንባውን ያጣሁት ልቤ ስላልነበረበት ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። እርስዎን ጠልቼ አይደለም። የክፍልዎ ግድግዳ ከፍ ባለ ቁጥር እናቴ ትታየኝ ጀመር። ያን ክረምት እርስዎ ሊጠይቁን ሲመጡ፣ ለእንግዳ ይሁን ብለን እሷን ፀሐይ ከሚገባበት ክፍል አውጥተን፣ ግድግዳዋ ውሃ ወደሚያልባት ጠባብ ክፍል አዛወርናት። ለጥቂት ጊዜ ነው ብያት ነበር። እርስዎ ሲሄዱ ግን ልጆቹ በእርስዎ አልጋ ላይ ደብተራቸውን ዘርግተው ያዙት። እሷም "ተዪአቸው ያጥኑበት፣ እኔ ለምጄዋለሁ" አለችኝ። ለምጄዋለሁ ስትለኝ አመንኳት፤ ማመኑ ስለቀለለኝ አመንኳት። ብርዱ ሳይወጣ ሞተች። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት የምትስለውን ሰምቼ "ነገ አዛውራታለሁ" እያልኩ ተኝቻለሁ።

ልጅዎ ለእናቱ ግድግዳ ሲያቆም ሳይ፣ እኔ ለእናቴ አንድ በር እንኳ እንዳልከፈትኩ አስታወስኩና ቀናሁ። በማን እንደምቀና ሳላውቅ በእርስዎ ላይ አወጣሁት። ዞሬ ዞሬ ደግሞ ያንኑ ነገር ሠራሁ። ሌላ እናት በብርድ እንድትስል አድርጌ፣ "ነገ" አልኩ።

ዛሬ ሥራ ሳልገባ በጠዋት ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ጠበቅኩ። ትንሹን ገዛሁት። ባለ ሱቁ "ዛሬስ ወሰኑ?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ይገባኛል። ቴክኒሻኑ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ግድግዳውን በስቶ ሰቀለው። ልጅዎ መሰላሉን ያዘለት። ጎረቤታችን ውጭ የሚቀመጠውን አካል ራሱ አግዞ አስቀመጠልን፤ ስለ ድምፁ ሳማክረው ገና ዛሬ ነው፣ "ይሄ ነው እንዴ?" አለኝ። ሁሉም ሲወጡ ብቻዬን በሩን ዘግቼ ማሽኑን ከፈትኩት። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው የሚያወጣው፤ ቆይቶ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ሙቀቱ ፊቴን ሲነካኝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እማማ፣ ይኸው ጠራሁዎት። ይምጡልኝ። ልጅዎ ዛሬ ማታ ላምጣት ይላል፤ መልስዎን በእጅዎ ጽሑፍ ሳላይ ግን አትሄድም ብዬዋለሁ፤ ልጅዎ አስገድዶኝ የጠራሁዎት እንዳይመስልዎት። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ የሱ ባልደረባ ነው፤ ሲመለስ መልሱን ይስጡት። እምቢ ቢሉኝ ይገባኛል። ግን እምቢ አይበሉኝ።

ልጅዎ (እንዲህ ብዬ በመፈረሜ ካላፈሩብኝ)


ታህሳስ 16

ለልጄ፣

ባልደረባው ሻይ እየጠጣ ይጠብቀኛል፣ ስለዚህ ጣቶቼን ሳላባብል እጽፋለሁ። ፈረስ የሚመስል ፊደል ካየሽ ፊደል ነው።

መጀመሪያ የምነግርሽ ያልነገርኩሽን ነው። ያን ክረምት እናንተ ጋ ሳለሁ ጆሮዬ ያኔም ደክሞ ነበር። አንድ ሌሊት ግን እጄን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ መንቀጥቀጥ ተሰማኝ። ስታቆም ያቆማል፣ ስትጀምር ይጀምራል። እናትሽ ናት፣ ሳሏ ነው። ተነስቼ ሄድኩና እጇን ይዤ ወደ እኔ አልጋ አመጣኋት። እንቢ አለችኝ፣ ጎተትኳት። ከዚያ ወዲያ እናንተ ስትተኙ በየሌሊቱ ትመጣ ነበር። ሁለት አሮጊት በአንድ ብርድ ልብስ፣ አንዷ ወደ ግድግዳ አንዷ ወደ በር። እግሯ በረዶ ነበር፤ እኔን ምድጃ አድርጋኝ ነው ያነጋችው። አንቺ ሳትነሺ ተመልሳ አልጋዋን ታነጥፋለች። "ልጄ ካወቀች ታፍራለች፣ አደራ" ትለኝ ነበር። ስለዚህ እኔ በነበርኩበት ጊዜ እናትሽ አልበረዳትም። ይህቺን ያዢ።

ብዙ አወራን። የምትነግረኝን ለመስማት ከአፏ ሥር እገባ ነበር። "ልጄ ሁለት ነገር ፊቷ ከቀረበ ትታመማለች፤ ለሠርጓ የገዛችውን ጫማ ስንቴ መለሰችው መሰለሽ" ብላ በጨለማ ታስቀኛለች። ስለዚህ ማሽኑ ሲዘገይ መጀመሪያ ለልብስ ሰፊዋ የነገርኳት ይህንን ነው፤ ልጅቷ ጫማ እየመለሰች ነው አልኳት።

ኋላ ግን ነገሩ ጫማ አለመሆኑ ገባኝ። ስለ ጠባቧ ክፍል ስጠይቅሽ በሁለት መስመር ስትመልሺልኝ ገባኝ። አልተቀየምኩሽም። እኔም ድርሻ አለኝና። ስሄድ እናትሽ ወደዚያች ክፍል እንደምትቀር እያወቅኩ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። አደራ ብላኛለች ብዬ አፌን ዘጋሁ። አንድ ቃል ብነግርሽ ኖሮ ልጆቹን ከዚያ ክፍል አስነስተሽ ታስገቢያት ነበር፤ አውቅሻለሁ። በጨርቅ ክምር መሃል ስተኛ "ተቀበዪ፣ ተራሽ ነው" እል ነበር ለራሴ። አንቺም ብቻሽን አትሸከሚው፤ ግማሹን ለኔ ተዪልኝ።

ልብስ ሰፊዋ ስታለቅስ ነው የዋለችው፤ ላሚቱ ከሰማይ ወረደች ብዬ ባሾፍባትም አልስቅ አለችኝ። ባለውለታዬ ናት፤ ስትመጡ ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡባት። እመጣለሁ። ባልሽ መኪናውን ያዘጋጅ፤ ዕቃዬ አንድ ሻንጣና የአንቺ ብርድ ልብስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ሳሎን ያለውን የእናትሽን ፎቶ አውርደሽ እኔ ክፍል ስቀዪው፣ የማሽኑ ሙቀት በሚደርስበት ግድግዳ ላይ። ትንሹን ገዛሁት ብለሽ ደግሞ እንዳትጨነቂ። እኛ በአንድ ብርድ ልብስም ተብቃቅተናል። ባለ ሱቁ "ስንት ሰው ነው የሚተኛበት?" ሲልሽ ግን ተሳስተሽ ነው የመለስሽለት።

ሁለት ነን።

እናትሽ